ያገለገለ ጄኔሬተር በአዲስ አበባ አየር

ካዛንቺስ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው ከትልልቆቹ ሆቴሎች ግቢ የሚመጣው የናፍጣ ሞተር ጉርምርምታ ነው። ሁለተኛው ከፀጉር ቤቱ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱና ከጁስ ቤቱ ደጃፍ የሚንጣጣው ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ነው። የሆቴሉ ሞተር ባለሙያ ተመድቦለት፣ የሠራበት ሰዓት ተመዝግቦለት ይኖራል። የደጃፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ምን ያህል እንደሠራ የሚናገር ቆጣሪ አብዛኛውን ጊዜ የለውም፤ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የሚያስታውስ ሰውም አይገኝም። ሻጩ «ብዙም አልሠራም፣ ለክፉ ቀን ብቻ ነበር የያዝነው» ይላል። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ችግሩም ያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲሆን ሱቅ ያለው ሁሉ ጄኔሬተር ፍለጋ ተሯሯጠ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ ቀንሶ ፈረቃው ሲመለስም እንደዚያው ሆነ። ፈረቃው ሲያበቃ ጄኔሬተሩ ቤንዚኑን እንደያዘ ጓዳ ይገባል። የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የሰፈር መብራት ሲጠፋ ሰው በቅድሚያ የሚጠረጥረው ከኃይል እጥረት ይልቅ መስመሩን ወይም ትራንስፎርመሩን ነው። በዚያው በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈር በከተማው የኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ሱቁን የለቀቀ ሁሉ ጄኔሬተሩን ተሸክሞ አልሄደም። ስለዚህ ገዢ ፊት የሚቀርበው ሞተር በሥራ ከደከመው ይልቅ ተቀምጦ የከረመው ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ደግሞ አንድ ዓይነት ምርመራ አይበቃቸውም።

ቤንዚን ጥቂት ወራት ሲቀመጥ ይበላሻል። ቀላሉ ክፍል ይተንና ሙጫ መሳይ ዝቃጭ በካርቡራተሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀራል። ሞተሩ በቾክ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ ከሆነ ወይም እየሞቀም የሚዋዥቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። ካርቡራተር ፈትቶ ማጠብ ደግሞ ከባድ ሥራ አይደለም። በእኔ አስተያየት፣ አልነሣ ያለ ጄኔሬተር በመጀመሪያ ሳብ ከተነሣው ይልቅ ጥሩ ግዢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ዋጋውን ያወርዳል፣ ሕመሙም ቀላል ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ሳብ የተነሣውን ግን ተጠራጠሩት። ገመዱ ከመሳቡ በፊት እጅን ወደ ሲሊንደሩ ማስጠጋት ነው። ከሞቀ፣ ሻጩ ገዢው ሳይደርስ አስነሥቶታል ማለት ነው፤ ሞተር የሚፈተነው ቀዝቅዞ ነውና ሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። ዘይቱም እንዲሁ ያታልላል። አዲስ ዘይት የሚመሰክረው ትናንት መቀየሩን ብቻ ነው። ወተት መሳይ ሆኖ ከተገኘ ግን ውሃ ገብቶበታል። እግረ መንገድዎን ዘይት ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ሽቦው መነቀል አለመነቀሉን ይዩ። አንዳንዱ ባለቤት ዘይት ከመሙላት ሽቦ መንቀል ይቀለዋል፤ የተነቀለ ሽቦ የሞተሩን ያለፈ ሕይወት ከሻጩ የበለጠ ይናገራል።

ቀጥሎ እመቃው፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ኃይል ነው። ሆንዳ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጂኤክስ የተባለው የሞተር ዓይነት በቻይና ፋብሪካዎች እጅግ ተቀድቷል፤ ገበያ ላይ የሚታየው ትንሽ ጄኔሬተር ብዙው የእሱ ዘመድ ነው። እነዚህ ሞተሮች ገመዱ እንዳይከብድ ሲነሡ እመቃውን የሚያላላ ዘዴ አላቸው፤ ስለዚህ ገመዱን ቀስ ብሎ ስቦ «ላላ፣ ሞቷል» ማለት ስህተት ነው። ይልቅ ማብሪያውን አጥፍቶ፣ የካንዴላውን ሽቦ ነቅሎ፣ የገመዱን ሽፋን የያዙትን ጥቂት ብሎኖች መፍታት ነው። ከሥሩ ከባዱ ቮላኖ ይገኛል። እሱን በእጅ ወደ ኋላ፣ ማለትም ከተለመደው አዙሪቱ በተቃራኒ መግፋት። በዚያ አቅጣጫ የማላላያው ዘዴ አይሠራም። ጤነኛ ሞተር እመቃው ላይ ሲደርስ እጅን በኃይል ይመልሳል። ያለ ምንም ትግል ተንሸራቶ ካለፈ ቫልቩ ወይም የፒስተኑ ፋሻ አልቋል። ሻጩ ብሎኖቹን ለማስፈታት ካንገራገረ መልሱ ተገኝቷል።

እመቃውን በመለኪያ እለካለሁ የሚል ደግሞ የት ከተማ እንዳለ ማስታወስ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። በፋብሪካው መጽሐፍ የሰፈረውን ቁጥር እዚህ የሚጠብቅ ሰው ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ ይለዋል። የካንዴላውም ቀለም ያሳስታል። የትም ቦታ ጥቁር፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ቤንዚን እንደበዛ ይነግራል፤ እዚህ ግን ለቆላ የተሠራ ካርቡራተር ሳይስተካከል ሲሠራ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ይህ የካርቡራተሩን ቀዳዳ በማጥበብ የሚታረም እንጂ የሞተር ሞት አይደለም። ደረቅ ጥላሸትን ይቅር ማለት ይቻላል። በዘይት የራሰ ካንዴላ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዘይት ወደ መቃጠያው ክፍል እየገባ ነው።

በሆንዳ መመሪያ መሠረት ካርቡራተሩ ለከፍታ ቢስተካከልም እንኳ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። እዚህ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ሄዷል ማለት ነው። 2.5 ኪሎ ዋት ተብሎ የተጻፈበት ጄኔሬተር ካዛንቺስ ላይ ከ2 ኪሎ ዋት በታች ነው። 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ የሚፈልግ የእንጀራ ምጣድ ሊያሞቅበት የሚገዛ ሰው ሻጩን ቢረግም ያላግባብ ነው።    ጄኔሬተሩ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ ደግሞ በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል የተጠቀጠቀው አቧራ ይታያል።

ሞተሩ ተነሣ፣ ድምፁም አማረ እንበል። እዚህ ላይ ገንዘብ የሚቆጥር ገዢ ብዙ ነው። ያለ ሸክም ግን ጄኔሬተር ሁሉ ደህና ይመስላል። የፀጉር ቤት ካስክ ወይም የውሃ ማፍያ ይሰካበትና ቴስተር ይያዝ። 220 ቮልት አካባቢ የነበረው ሸክሙ ሲጫን ለቅጽበት ወርዶ መመለስ አለበት፤ ከ200 በታች ወርዶ እዚያው ከቀረ ወይ ሞተሩ ደክሟል ወይ ማመንጫው ታሟል። ኸርዝ የሚያነብ ቴስተር ካለ ደግሞ ይበልጥ ይረዳል፤ አብዛኞቹ እነዚህ ጄኔሬተሮች በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲሽከረከሩ 50 ኸርዝ ይሰጣሉ። የደከመ ማመንጫን ቮልት ለማስመሰል ሞተሩ በፍጥነት እንዲሮጥ የተደረገ ከሆነ ቁጥሩ ያጋልጠዋል። በሸክም ላይ ሳለ ማርሚታውን ማየት ነው፦ ሲነሣ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ብዙ ጊዜ ከቫልቭ ነው፣ ይቻላል፤ ሸክም ሲበዛ እየወፈረ የሚሄድ ሰማያዊ ጭስ ግን የፋሻ ነገር ነው። ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚሞላባቸው ትንንሾቹ ሞተሮች ግን ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ጠባያቸው ነው።

ሞተሩ እየሠራ ምንም ኤሌክትሪክ ካልወጣ ሻጩ ራሱ ተስፋ ቆርጦ ዋጋውን ያወርዳል። ማመንጫው ተቃጥሎ ከሆነ የተለበለበ ቫርኒሽ ይሸታል። ካልሸተተ ግን ብዙ ወራት በመቀመጥ ብረቱ ላይ የሚቀረው ጥቂት ማግኔት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን በባለ 12 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ነክቶ የሚመልስ ኤሌክትሪሻን አለ። ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ማሽተት ነው።

የገዛ ሰው ጄኔሬተሩን ከበርና ከመስኮት አርቆ ውጭ ያስቀምጥ፤ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል። መብራት ሲመጣም በማብሪያው አያጥፋው። የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግቶ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን እስኪጨርስና ራሱ እስኪጠፋ ይተወው፤ በየወሩም ካስኩን ሰክቶ ሩብ ሰዓት ያህል ያሠራው።