በለማን ሐይቅ ዳር የሚደረግ የጎልፍ ጨዋታና ለንግድ ያለው ጥቅም

ጎልፍ ሥራ የፈታ ሰው መዝናኛ ነው የሚል አስተያየት በነጋዴዎች ዘንድ አልፎ አልፎ ይሰማል። ይሁን እንጂ በፈረንሳይ አገር በለማን ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ በምትገኘው በኤቪያን ከተማ ያለውን የጎልፍ ሜዳ የተመለከተ ሰው፥ ጨዋታው ከንግድ ሥራ ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደ ሆነ ለመገንዘብ አይቸገርም።

ኤቪያን በመጀመሪያ የታወቀችው በምንጭ ውሃዋ ነው። ካሻ የተባለው ምንጭ ለጤና ተስማሚ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1789 ከተነገረለት ወዲህ፥ ውሃውን ለመጠጣትና ለመታጠብ የሚመጣው እንግዳ እየበዛ ሄደ። ውሃው በጠርሙስ እየታሸገ ወደ ሩቅ አገር ሲላክ፥ ወደ ከተማዋ ለሚመጣው እንግዳ ደግሞ ማረፊያና መናፈሻ ያስፈልግ ነበር። የጎልፍ ክበቡ በ1904፥ ሮያል የተባለው ታላቅ ሆቴልም በ1909 ተከፈቱ።

ሜዳው ከከተማዋ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የተዘረጋ ነው። ቁልቁል ሲመለከቱ ሰማያዊው ሐይቅ፥ ከማዶ የስዊስ ከተማ ሎዛን፥ ከበስተኋላ የአልፕስ ተራሮች ይታያሉ። ሐይቁ 580 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፥ ይህም የጣናችን አንድ አምስተኛ ግድም ነው። ጥልቀቱ ግን እስከ 310 ሜትር ይደርሳል።

አንድ ሙሉ ዙር 18 ጉድጓዶች ያሉት ሲሆን፥ በእግር ለሚጓዝ ሰው አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ተጫዋቹ ከ14 የማይበልጡ ዱላዎችን ይዞ ይነሣል። በኤቪያን ግን ጉልበት ብቻውን አያዋጣም፤ ምድሩ ተዳፋት በመሆኑ ኳሱ ከቆመበት እግር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ያርፋል። ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርሱም ለዓይን ደልዳላ የመሰለው ሣር ኳሱን ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ይስበዋል።

ጎልፍ የሚጫወት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዳኛ አይከተለውም። ምቱን የሚቆጥረውም፥ ስሕተቱን የሚናገረውም እርሱው ራሱ ነው። ስለዚህ አራት ሰዓት አብሮት የተጓዘ ነጋዴ፥ ነገ ውል የሚዋዋለው ሰው እንዴት ያለ እንደ ሆነ ጥቂት ሳያውቅ አይለያይም።

እ.ኤ.አ. በ1994 የዳኖን ኩባንያ መሪ የነበሩት አንቷን ሪቡ በዚህ ሜዳ ላይ የሴቶች ውድድር አቋቋሙ፤ የመጀመሪያዋ አሸናፊም የስዊድኗ ሄለን አልፍሬድሰን ነበረች። ውድድሩ በ2013 ከአምስቱ የሴቶች ታላላቅ ውድድሮች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ዝናቡ ስለ በረታ ጨዋታው ከ72 ወደ 54 ጉድጓድ ተቀንሷል። በ2023 ሴሊን ቡቲዬ ከፈረንሳይ ተወላጆች የመጀመሪያዋ አሸናፊ ስትሆን፥ በ2024 የቀረበው ሽልማት በጠቅላላው 8 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከተማው፥ ውሃውና ውድድሩ የሚጠሩት በአንድ ስም ነው፤ አንዱ ሲነሣ ሁለቱ ይታወሳሉ። ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም።

የዚህ ሁሉ መሠረት ግን ውሃው ነው። በተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ በምድር ውስጥ ተጣርቶ ከምንጩ ለመድረስ ቢያንስ 15 ዓመት እንደሚፈጅበት ይነገራል። የውሃው ኩባንያና ዝናቡ የሚወርድባቸው የገጠር ቀበሌዎች በ1992 ማኅበር ያቋቋሙትም ምንጩ እንዳይበከል በአንድነት ለመጠበቅ ነው።

የእኛም ነጋዴዎች በቢሾፍቱና በሐዋሳ ሐይቆች ዳር ሆቴሎችና መዝናኛዎች ሠርተዋል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የሐሮማያ ሐይቅ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። ውሃው ኋላ ተመልሶ ቢታይም፥ ትምህርቱ ከባድ ነው። የፈረሰ ሆቴል በብድር ይታነጻል፤ የደረቀ ሐይቅ ግን የሚበደርበት ባንክ የለውም። ስለሆነም በሐይቅ ዳር ገንዘቡን የሚያውል ሁሉ፥ ከትርፉ ላይ ለሐይቁ ጥበቃ የሚሆነውን ድርሻ ከወዲሁ በሒሳቡ ውስጥ እንዲያገባ እናሳስባለን።