«ዶክተር» መባልና ዶክተር መሆን

እስቲ ይህን አስቡት። ከላይ ጋይንት የመጡ አንድ አዛውንት ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኝተዋል። ምርመራው ካንሰር መሆኑን አሳይቷል። ልጃቸው የሕክምና ተማሪዋን ኮሪደር ላይ ያገኛትና «እባክሽ ዶክተር፣ ለአባታችን እንዳትነግሪው፤ ከሰማ ይሰበራል» ይላታል። (ሰዎቹን ለምሳሌ ያህል የፈጠርኳቸው ናቸው።) ተማሪዋ ታካሚ ስለ ሕመሙ የማወቅ መብት እንዳለው ክፍል ውስጥ ተምራለች፤ ፈተና ላይም በትክክል መልሳለች። ኮሪደሩ ላይ ግን ምርጫ ያለው ጥያቄ አይመጣም።

ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ነው። የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ አሜሪካ በገቡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መካከል ይኸው ልማድ እንደቀጠለ አሳይተዋል፦ ክፉ ዜና ለታካሚው በቀጥታ ሳይሆን መጀመሪያ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ይነገራል፤ ማታ ደግሞ ፈጽሞ አይነገርም። የእዚያ አገር ሐኪሞች ግልጽነት ብለው የሚያደርጉትን ሰዎቻችን እንደ ጭካኔ ያዩት ነበር።

በሌላ በኩል ሕጉ አለ። ታካሚው ተረድቶ እንዲፈቅድ ይጠይቃል። ታዲያ አዛውንቱ ስለማያውቁት በሽታ እንዴት ብለው ነው ቀዶ ሕክምና የሚፈቅዱት? እንደኔ፣ ጥሩው መውጫ ራሳቸውን መጠየቅ ነው፦ «አባቴ፣ ስለ ሕመምዎ ሁሉንም ማወቅ ይፈልጋሉ? ወይስ ለልጅዎ እንንገር?» «ለልጄ ንገሩት» ካሉም የመረጡት እሳቸው ናቸው።

ግን ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ድፍረቱ ከየት ይመጣል? ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1990 የሕክምና ተማሪን ብቃት በፒራሚድ አሳይቶ ነበር፦ ከታች ማወቅ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሚደረግ ማወቅ፣ ከዚያ ሠርቶ ማሳየት፣ ጫፉ ላይ በእውነተኛ ሥራ መፈጸም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪቻርድና ሲልቪያ ክሩስ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ከጫፉ በላይ አንድ ፎቅ ጨመሩ፤ «መሆን» የሚል። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ደብረ ታቦር ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ቡና ላይ አንዷ ጎረቤት «የእትዬ እገሊት ምርመራ ምን ሆነ?» ብትል፣ አለቃ የለም፣ ካሜራ የለም። ደንቡን ፈርቶ ዝም የሚል አለ። «እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለሁም» ብሎ ዝም የሚልም አለ። ሁለተኛው ነው ወደ ላይኛው ፎቅ የወጣው።

እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ ምሰሶ ሲሆን ጭነን እንለካዋለን። ይህን ፎቅ የሚለካ መሣሪያ ግን አላየሁም።

የሚያስቸግረው ደግሞ ተማሪዎች ከሌክቸር ይልቅ ከሚያዩት መማራቸው ነው። ፍሬድሪክ ሃፈርቲና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1994 የጻፉበት «ስውር ሥርዓተ ትምህርት» ይኸው ነው። ራውንድ ላይ አንድ ሲኒየር ሐኪም ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል ውስጥ የአንዱን ሕመም ጮክ ብሎ ቢያብራራ፣ ስለ ምስጢር የተሰጠው የአንድ ሴሚስተር ኮርስ በአንድ ጠዋት ይሸረሸራል። ደግነቱ በተቃራኒውም ይሠራል፦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሐኪም ምንም ሳይናገር ያስተምራል።

ከሁሉም ግን እኔን የሚስበኝ «ዶክተር» የሚለው ቃል ነው። ተማሪዋ ጋውን በለበሰች በመጀመሪያው ቀን ከፋርጣ የመጣች እናት «ዶክተር» ብላ ትጠራታለች። ደስ ይላል፤ ማንነት የሚሠራው ሌሎች በሚጠሩን ስምም ጭምር ነውና። ዝም ብላ መርፌውን ካነሳች ግን እናትየዋ የፈቀደችው ለሐኪም እንጂ ለተማሪ አይደለም። «ተማሪ ነኝ፤ ሐኪሙ አብሮኝ አለ» ማለት አምስት ሰከንድ አይፈጅም። እናትየዋ «ይሁን ልጄ» ብላ ክንዷን ልትዘረጋ ትችላለች። እምቢ ልትልም ትችላለች፤ ያኔ መርፌውን የሚወጋው ሌላ ሰው ነው።