ከድሮ ሕንጻዎች ላይ እርግብ የሚያባርረው የማይታይ ሽቦ

አውሮፓ ውስጥ ካለ የድሮ ካቴድራል ወይም ቤተ መንግሥት ፊት የተነሳችሁት ፎቶ ካለ፣ እስኪ ዙም አድርጉት። እናንተን ሳይሆን ከኋላ ያለውን መስኮት። ከድንጋዩ ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ የተወጠረ ቀጭን ሽቦ፣ ወይም የድንጋዩን ቀለም የመሰለ መረብ ልታገኙ ትችላላችሁ። ካላገኛችሁትም ላይኖር ይችላል ብላችሁ አትደምድሙ፤ ጥሩ ተደርጎ የተሠራ ከሆነ አይታይም።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለእርግብ ነው?

አዎ። የከተማ እርግብ ዘሯ ገደል ላይ ጎጆ ከምትሠራው የዱር እርግብ ነው። ስለዚህ ጠርዝና ጉድጓድ የበዛበት የድንጋይ ሕንጻ ለእሷ ገደል ማለት ነው፣ ያውም ከታች ምግብ የሚበተንበት ገደል።

ችግሩ ኩሷ ነው። የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ አሲድ አይወዱም። ኩሱ ራሱ አሲድ አለው፤ በላዩ ላይ የሚበቅለው ሻጋታም ተጨማሪ አሲድ ያመነጫል። በኩሱ ውስጥ ያለው ጨው ደግሞ ከዝናብ ጋር ወደ ድንጋዩ ይሰርጋል፣ ሲደርቅ ውስጥ ሆኖ ይጠጥራል፣ ድንጋዩንም እየፈረፈረ ይጥለዋል። ኩስና የጎጆ ጭራሮ አሸንዳ ሲደፍን ውሃው ወደ ግድግዳው ይገባል። ዝግ በሆነ የደወል ማማ ውስጥ የደረቀ ኩስ አቧራው ሳንባ ስለሚያሳምም፣ የሚያጸዱት ሰዎች ማስክ ሳያደርጉ አይገቡም።

ርካሹ መፍትሔ ሹል ሽቦ መደርደር ነው። ግን ያስጠላል፤ የ500 ዓመት ቅርጽ ላይ የብረት ብሩሽ የተተከለ ነው የሚመስለው። ወፎቹም ሁሌ አይፈሩትም። እ.ኤ.አ. በ2023 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉትን ስሙ፦ ቤልጂየም አንትወርፕ ውስጥ ማግፓይ የምትባል የቁራ ዘመድ 1,500 ገደማ የሚሆኑ ጸረ ወፍ ሹል ሽቦዎችን ሰብስባ ጎጆ ሠርታበታለች። ወፍ ማባረሪያውን የወፍ ቤት አደረገችው!

ለታሪካዊ ሕንጻ የሚመረጠው ቀጭን የማይዝግ ሽቦ ነው። በትናንሽ ምሰሶዎች መካከል ይወጠራል፣ ጫፉ ላይ ሞላ አለው። እርግቧ ልታርፍ ስትሞክር ሽቦው ይወዛወዝባታል፣ እግሯን ማስተካከል ያቅታትና ትሄዳለች። አትጎዳም። ከመንገድ ላይ ሆኖ የሚያየውም የለም። ግን እንቁላል የጣለችበት ቦታ ከሆነ በሽቦ ብቻ በቀላሉ አትለቅም።

ያኔ መረብ ይመጣል። ለእርግብ የተለመደው የቀዳዳው ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለድንቢጥ ከሆነ 19። መረቡ በደንብ መወጠር አለበት፤ ከላላ ወፎቹ ተጠልፈው ይሞታሉ፣ ለዓይንም ያስቀይማል። ከመዘጋቱ በፊት ውስጥ ጫጩት መኖሩ ይታያል፤ ይሄን መዝለል በቁም መቅበር ነው።

ትልቁ ጥበብ ያለው ደግሞ ማሰሪያው ላይ ነው። ድሪሉ ድንጋዩን አይነካም፤ የሚበሳው በድንጋዮቹ መካከል ያለው የኖራ ማያያዣ ነው። ኖራ ነገ ይደፈናል፣ የተቀረጸ ድንጋይ ግን አይተካም። ብረቱ የማይዝግ መሆን ያለበትም ዝገት በነጭ ድንጋይ ላይ ቡናማ እንባ ስለሚያፈስ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በቅርስነት የተመዘገበ ሕንጻ ላይ መረብ ለመስቀል ብዙ ጊዜ ፈቃድ ይጠየቃል።

ግን ሽቦም መረብም እርግቧን ወደ ጎረቤት ሕንጻ ነው የሚልኳት። ቁጥሯን የሚወስነው ምግብ ነው። ለዚህ ነው ለንደን እ.ኤ.አ. በ2003 ትራፋልጋር አደባባይ ላይ እርግብ መመገብን የከለከለችው፣ ቬኒስም በ2008 በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ለቱሪስት እህል የሚሸጡትን ያስቆመችው።

የስዊዘርላንዷ ባዝል ታሪክ ደግሞ ይገርማል። ከ1961 እስከ 1985 ወደ 100,000 የሚጠጉ እርግቦች ተገደሉ፤ የከተማዋ እርግብ ቁጥር ግን 20,000 አካባቢ እንዳለ ቀረ። የሞተችውን ቦታ ሌላ ጫጩት ይይዘዋል። ከ1988 ጀምሮ መንገድ ተቀየረ፦ ነዋሪው እንዳይመግብ ተቀሰቀሰ፣ ከተማዋም የእርግብ ቤቶች አዘጋጅታ እንቁላሉን ከዚያ መልቀም ጀመረች። በአራት ዓመት ገደማ ቁጥሩ በግማሽ ወረደ።