ኢየሩሳሌም ለመሳለም ለሚነሡ የቢቸናና የሞጣ ሰዎች





በእኛ በምሥራቅ ጎጃም «እገሌ ለበዓል ወደ ውጭ አገር ሄደ» ከተባለ፣ የሄደው ኢየሩሳሌም መሆኑን ማንም አይጠይቅም። ለዚህ መንገድ በሬ ይሸጣል፤ ጎተራ ይራቆታል፤ ብድርም ይገባል። ስለ ጎልጎታና ስለ ዮርዳኖስ ካህናቱ አብዝተው ያስተምራሉ፤ ስለሚበላው፣ ስለሚመነዘረውና ስለ መሳፈሪያው ግን የሚነግር የለም። እኔም በ2011 ዓ.ም. ከቢቸና ተነሥቼ ትንሣኤን እዚያ ያሳለፍሁ በመሆኔ፣ ያየሁትን ለሚከተሉት ተጓዦች ለመግለጽ ወደድሁ።

በመጀመሪያ፣ በሬው ከመሸጡ በፊት አስጓዡ ድርጅት ዋጋው ምን ምን እንደሚያጠቃልል በጽሑፍ ይስጥ። እኛን የወሰደን ድርጅት «ምግብ አለበት» ብሎን ነበር፤ ምግብ የተባለው ግን የጧት ቁርስ ብቻ፣ እርሱም አይብና እንቁላል ሆኖ ተገኘ። በሰሙነ ሕማማት አይብና እንቁላል ለማን ነው? ደግሞም መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የጋዛ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በረራዎች በተደጋጋሚ የተሰረዙበት ጊዜ ስለ ነበረ፣ ጉዞው ቢቀር ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። በቃል ብቻ የሚያባብል ድርጅት ቢያጋጥም ወደ ሌላው ማለፍ ነው።

የሞጣ ተጓዥ በደብረ ወርቅና በቢቸና አድርጎ ደጀን ይወጣል፤ ከዚያም የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። ደኅና ጊዜ ሲሆን የአንድ ቀን መንገድ ነው። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገዱ ተደጋግሞ ስለ ተዘጋ፣ በረራውን በማግሥቱ አድርጎ ከቤት መነሣት አይገባም። አንድ ሳምንት ዘመድ ቤት መሰንበት ሁለተኛ ትኬት ከመግዛት ይረክሳል።

ስለ ገንዘብ ሳስብ ከሞጣ የመጡ አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። የጎረቤቶቻቸውን ስለት ሁሉ በመሐረብ ቋጥረው አምጥተው፣ በደማስቆ በር አጠገብ ላለው መንዛሪ ቢዘረጉለት ራሱን ነቀነቀ። «ልጄ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሲሠራ የመጣ ብር እዚህ ምን ነካው?» አሉኝ። ብራችን እዚያ እንደማይመነዘር የነገራቸው አልነበረም፤ እኛም አዋጥተን ስለቱን አደረስንላቸው። ስለዚህ የራስም ሆነ የአደራ ገንዘብ ከጉዞው ቀናት አስቀድሞ፣ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዞ ባንክ ቀርቦ በዶላር መለወጥ አለበት። የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ኖት አይቀበሉ፤ መንዛሪው ይመልሰዋል። የስለቱ ዶላር ከራስ ስንቅ ተለይቶ፣ ባለቤቶቹ በወረቀት ተጽፈው ይቀመጥ። እዚያም ሲደርሱ ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ብቻ ወደ ሸቀል መመንዘር ይበቃል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን፣ ለጥምቀት የተነገረ የብር ዋጋ ለሆሳዕና ላይገኝ ይችላል፤ ይህም አይዘንጋ።

ወደ ምግቡ ልምጣ። በሄድሁበት ዓመት የአይሁድ ፋሲካ ከሰሙነ ሕማማታችን ጋር ገጥሞ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም.ም እንዲሁ ሆኗል። በዚያ ሰሞን በአይሁድ ሱቅ እርሾ ያለበት እንጀራም ዳቦም አይሸጥም። በአሮጌው ከተማ ያሉት የዓረብ ዳቦ ቤቶች ግን ይሠራሉ። ፉል አለ፤ ከሽምብራና ከሰሊጥ የሚሠራው ሁሙስ አለ፤ በዘይት የተጠበሰ የሽምብራ ፈላፍልም አለ፤ ሽምብራ ላበቀለ ሰው ባዕድ አይሆንበትም። ከጎኑ ነጭ ነገር ከቀረበ ግን እርጎ ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የስቅለት ዕለት ነው። እኛ ስንሰግድ ውለን ማታ ስንወጣ፣ ፀሐይ ጠልቃ የአይሁድ ሰንበት ይገባል፤ በምዕራቡ ከተማ አውቶቡሱም ባቡሩም ይቆማል፤ ሱቁም እስከ ቅዳሜ ምሽት ይዘጋል። ደጀ ሰላም የሚበላ ካልተገኘ ጾመኛው በረኃብ ያድራል። ስለዚህ የዓርቡ ማፍጠሪያ ሐሙስ ይገዛ፤ ከቤትም በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በያዙት መጠን ይጠቅማል። ቅቤ የገባበት ጭኮ ለበዓሉ ማግሥት ነው።

የከተማው አውቶቡስ ሾፌር ዛሬ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፤ ሂሳብ የሚሞላበት ካርድ አስቀድሞ ይገዛል። ታክሲ ሲሳፈሩ «ሞኔ» ማለት ነው፤ ቆጣሪውን ክፈት ማለት ነው። በሌሊትና በሰንበት ታሪፉ ይጨምራል። በኢትዮጵያ መንገድ ካለችው ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት እስከ ዴር ሱልጣን ግን ጤነኛ እግር ላለው ግማሽ ሰዓት የማይሞላ የእግር መንገድ ስለ ሆነ ለታክሲ መክፈሉ ከንቱ ነው። የትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ ፖሊስ የአሮጌውን ከተማ በሮች ስለሚቆጣጠር በጧት መግባት ያሻል። ቤተ ልሔም ለሚሄድም ፍተሻ ስላለ ፓስፖርቱ ሆቴል አይቅር።

ማር ለመነኮሳት የሚወስዱ ብዙዎች ናቸው። ማሩ በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ቦሌ ላይ ይቀራል፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያስገቡም። በጠንካራ ዕቃ ታሽጎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሚጫነው ሻንጣ ይግባ። በመልሱም የዮርዳኖስ ውኃ እንዲሁ ነው።

ከቢቸና