ተዘግቶም የሚናገር ካዝና

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የገንዘብ ያዥ ክፍል ተራችንን ስንጠብቅ ዓይናችን ጥግ ላይ ከቆመው ካዝና ዐረፈ። በሩ ላይ ካሉት 10 የቁጥር መጫኛዎች የአራቱ ጽሑፍ ከጣት ብዛት ተፍቆ ጠፍቷል፤ ስድስቱ ግን እንደ አዲስ ናቸው። ገንዘብ ያዡ «ባለ አራት አኃዝ ነው፤ 10,000 ጊዜ የሚሞክር ሌባ የለም» አሉን። እርግጥ ከ0000 እስከ 9999 ድረስ 10,000 ቁጥሮች አሉ። የተፋቁትን አራቱን ላስተዋለ ሰው ግን የሚቀረው 4×3×2×1፣ ማለትም 24 ሙከራ ብቻ ነው። (የተፋቁት ሦስት ቢሆኑ ኖሮ ሙከራው ወደ 36 ከፍ ይል ነበር፤ ምክንያቱን አንባቢ ራሱ ያስላው።)

ይህ በዓይን የሚታይ ድክመት ነው። እኛን የፊዚክስ ሰዎችን ይበልጥ የሚስበን የማይታየው ነው። በኤሌክትሮኒክ መቆለፊያ ውስጥ የተጫኑት አኃዞች ወደ አንድ ማይክሮኮንትሮለር ይሄዳሉ፤ እርሱም በማኅደረ ትውስታ ከተቀመጠው ምሥጢር ቁጥር ጋር ያነጻጽራቸዋል። ከተስማሙ ለሶሌኖይድ ወይም ለትንሽ ሞተር ጅረት ተልኮ መወርወሪያው ይለቀቃል። ይህ ሁሉ ሥራ ጊዜና የኤሌክትሪክ ጉልበት ይፈጃል። ፖል ኮቸር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 የምሥጢር ስሌት የሚወስደውን ጊዜ በመለካት ብቻ ምሥጢሩን ማወቅ እንደሚቻል አሳየ። በ1999 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያንኑ ከኃይል ፍጆታ አወጣው።

ዘዴው ወደ ካዝና በር የተሻገረው በ2016 ነው። «ፕሎር» በሚል ስም ብቻ የሚታወቅ ተመራማሪ በላስ ቬጋስ በተካሄደው የዴፍ ኮን ጉባኤ ሁለት መቆለፊያዎችን አቀረበ። አንደኛው የሳርጀንት ኤንድ ግሪንሊፍ 6120 ሲሆን ባትሪው የሚገኘው ከበሩ ውጭ፣ በቁጥር ሰሌዳው ውስጥ ነው። ስለዚህ ጅረቱን ለመለካት ብረቱን መብሳት አያስፈልግም። ትንሽ ሬዚስተር በተከታታይ ከተገጠመ የኦም ሕግ ቀሪውን ይሠራል፤ መቆለፊያው ትክክለኛውን ቁጥር ከማኅደሩ ሲያነብ፣ ቢቱ 0 ወይም 1 በሆነ ቁጥር ጅረቱ በጥቂቱ ይለዋወጣል። የሚያነበው ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር ሲገባም ጭምር ነው።

ሁለተኛው፣ ታይታን ፒቮትቦልት፣ ያሳጣው ጊዜ ነው። ፈተና የሚያርም መምህር የመጀመሪያውን ስሕተት ሲያገኝ ወረቀቱን ወዲያው የሚመልስ ቢሆን፣ ተማሪው ከመመለሻው ፍጥነት የተሳሳተበትን ጥያቄ መገመት ይችላል። መቆለፊያውም ትክክለኛ አኃዞች በበዙ ቁጥር ጥቂት ይዘገይ ነበር። ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር 1,000,000 አማራጮች አሉት፤ አኃዞቹ አንድ በአንድ የሚታወቁ ከሆነ ግን ቢበዛ 60 ሙከራ ይበቃል። በተደጋጋሚ ለሚሳሳት ሰው የተዘጋጀው የጊዜ እገዳም አልጠቀመም፤ ስሕተቱ ከመመዝገቡ በፊት ኃይሉን ማቋረጥ ይቻል ነበርና።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ስሕተት ተገኘም አልተገኘ ሁሉንም አኃዞች በእኩል ጊዜ ማነጻጸር፣ ሙከራውንም ከማነጻጸር በፊት መመዝገብ ነው። የባትሪው ነገር ግን ያስቸግራል። ወደ ውስጥ ቢገባ ጅረቱን ከውጭ መለካት ይከብዳል፤ ባትሪው ባለቀ ዕለት ግን ባለቤቱ ራሱ ውጭ ይቀራል። ለባለቤቱ ተብሎ የተተወ መንገድ ለሌላውም መንገድ እንደሚሆን በ2025 በዚያው ጉባኤ እንደገና ታይቷል። ተመራማሪዎች በሴኩራም ፕሮሎጂክ መቆለፊያዎች ላይ፣ ቁጥሩን የረሳ ባለቤትን ለሚረዱ ቁልፍ ሠሪዎች የተተወውን የማደሻ ዘዴ ተጠቅመው እንደሚከፍቷቸው አሳዩ። በዚህኛው ጅረት መለካት እንኳ አላስፈለገም።

ገንዘብ ያዡ በዚያው ሳምንት ቁጥሩን ቀየሩ። በኋላ ስናያቸው፣ ከተፋቁት አራት መጫኛዎች አንዱም በአዲሱ ቁጥር ውስጥ እንደሌለ በፈገግታ ነገሩን። ይህንንም ቢሆን ባይነግሩን ይሻል ነበር፤ 10,000 የነበረው ወደ 1,296 ወርዷል።