ከቆጣሪው ወዲህና ወዲያ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሠራ ሰው ስለ ግንባታ ፈቃድ ሲያወራ የሚያነሣው ካርታውን፣ ሊዙንና የፎቁን ብዛት ነው። ቧንቧው ትዝ የሚለው ሴራሚኩ ተነጥፎ፣ ቀለሙ ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ እድፍ ብቅ ሲል ነው። ያኔ "ይህን ማን አየው? ማንስ ፈቀደው?" ይባላል። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ከተማዋ ወደ ላይ መሠራት ከጀመረች ወዲህ በየብሎኩ፣ በየማኅበሩ ስብሰባና በየወረዳው ሲነሣ ኖሯል። መልሱ የሚወሳሰበው ግን ሕግ ስለሌለ አይደለም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ያለ ፈቃድ መገንባትን ከልክሎ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። ባለ አንድ ወለል ሆኖ በቋሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ቤት፣ ወይም ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ምድብ "ሀ" ተባለ። ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ፣ ፋብሪካ ወይም ከፍታው ከ12 ሜትር የሚበልጥ "ሐ" ሲባል፣ በመካከል የቀረው "ለ" ተባለ። ምድቡ ከፍ ሲል ለሕንፃ ሹም የሚቀርበው ፕላንም ይወፍራል፤ ከአርክቴክቸሩ፣ ከስትራክቸሩና ከኤሌክትሪኩ ጋር የሳኒተሪ ፕላን ይቀርባል። ንጹሕ ውሃ በየት እንደሚገባ፣ ፍሳሹ በየት እንደሚወርድ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ሮቶ የት እንደሚቀመጥ፣ ሴፕቲክ ታንኩ የት እንደሚቆፈር የሚያሳየው እሱ ነው። የስሌት መመሪያም አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮዶች ዘጠነኛው ሙሉ በሙሉ ስለ ሕንፃ ቧንቧ ሥራ ነው።

በተግባር ግን የሳኒተሪ ፕላን የእንጀራ ልጅ ነው። የባለቤቱም የአማካሪውም ዐይን ብረቱና ኮንክሪቱ ላይ ነው። ምሰሶ ቢሰበር ሰው ይሞታል፣ ቧንቧ ቢያፈስ ግድግዳ ይርሳል ይባላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው።

የባሰው ችግር ሥልጣኑ የውሃ ቆጣሪው ላይ ለሁለት መከፈሉ ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ዋናው መስመር በ1963 ዓ.ም. የተቋቋመው የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ንብረት ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የባለቤቱ ሆኖ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከግንባታ ፈቃድ ቢሮ ነው። ፍሳሽም እንደዚያው ነው፤ በሰፈሩ መስመር ካለ ለመቀጠል ባለሥልጣኑ ዘንድ ይኬዳል፣ ከሌለ ሴፕቲክ ታንክ ይቆፈርና ሲሞላ በመኪና ይመጠጣል። በከተማዋ ታሪክ የፍሳሽ መስመር የጥቂት ሰፈሮች ዕድል ሆኖ ነው የኖረው። የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ገደማ ሲያስተናግድ ኖሮ አቅሙ ወደ 100,000 ያደገው እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ብዙ ሕንፃ የተፈቀደው በሴፕቲክ ታንክ ፕላን ነው። ታንኩ ፕላኑ ላይ አለ። በየጊዜው ማስመጠጥ የሰለቸው ሰው ግን በጨለማ አንድ ቧንቧ ወደ ጎርፍ መውረጃው ይቀጥላል፤ ከዚያ ወደ ቀበና፣ ወደ ግንፍሌ ወይም ወደ ባንትይቀጡ ነው። የሕንፃ ሹሙ ፋይሉን ከዘጋ ቆይቷል፤ ባለሥልጣኑ ደግሞ የጎርፉ ቦይ የእሱ መስመር አይደለም።

ከአዲስ ግንባታ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እድሳት ላይ ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቁልፉን ተቀብሎ በመጀመሪያ የሚያደርገው ማፍረስ ነው። ወጥ ቤቱ ይሰፋል፣ ሽንት ቤቱ ወደ ሳሎኑ ጥግ ይዛወራል፣ ግድግዳው ይፈለፈላል። "ቤቴ ነው፣ ማን ምን አገባው?" የሚለው ክርክር ቋሚው የፍሳሽ ቧንቧ ጋ ሲደርስ ያበቃል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የግል ቤቱን ከጋራ መጠቀሚያው ለይቶታል። ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር የሚወርደው ቧንቧ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። እሱን የሚነካ ሰው ማኅበሩን ማነጋገር፣ የእድሳት ፈቃድም መያዝ አለበት።

ይህ ወረቀት ለማብዛት ያህል የመጣ አይደለም። ፍሳሽ የሚሄደው በተዳፋት ነው፤ 110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ይኖርበታል። የተዛወረው ሽንት ቤት ከቋሚው ቧንቧ 4 ሜትር ከራቀ እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ከየት ይመጣል? ወይ ወለሉ ከፍ ይላል፣ ወይ ሶሌታው ይበሳል፣ ወይ ቧንቧው የታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ ይንጠለጠላል። የአየር መተንፈሻ ካልተሠራለት ደግሞ ከላይ የሚወርደው ፍሳሽ በሲፎኑ ውስጥ የቀረችውን ውሃ ስቦ ይወስዳታል። ሽታውን ይዛው የነበረችው እሷ ስለሆነች ቤቱ በበረኪና ቢታጠብ ለውጥ የለም።

ክብደትም አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁሉም ሮቶ ያስቀምጣል፤ የሞላ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ውሃው ብቻ 1 ቶን ይመዝናል። የመኖሪያ ወለል በተለምዶ የሚሰላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል ሸክም እንዲችል ነው። እንግዲህ ሮቶውን በረንዳ ላይ የሚያወጣ ሰው ሳያውቀው የስትራክቸር ሥራ እየሠራ ነው። ፓምፑም እንዲሁ ነው። ከሮቶ ሳይሆን በቀጥታ ከመስመሩ ሲስብ የጎረቤቱን ውሃ ከመንጠቅ አልፎ በመስመሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ያወርዳል፤ ቧንቧው የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ በዙሪያው ያለ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይሳባል። በዚያ ውሃ የሚታመመው ደግሞ የሌላ ግቢ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖሩ አዲስ አበባ ቤት የሚያሠሩ ወገኖች በአሠራሩ ይገረማሉ። እነሱ ባሉበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ የቧንቧ ሥራ ፈቃድ በአብዛኛው አካባቢ የሚወጣው ከካውንቲው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ከተቋቋመው የውሃና ፍሳሽ ድርጅት፣ ከደብሊው ኤስ ኤስ ሲ ነው። ውሃውን የሚያቀርበው አካል ከቆጣሪው ወዲህም ገብቶ ያያል፤ ዋናው ምርመራም ግድግዳው ሳይሸፈን ነው። ያሰለቻል፣ ገንዘብም ያስወጣል፣ የሚሸሹትም አሉ። ነገር ግን የተበላሸ መጋጠሚያ ማን ማየት እንዳለበት አያከራክርም።

የእኛ ቁጥጥር የለመደው መሠረትን፣ ምሰሶንና ሶሌታን ነው። ቧንቧ ግን መታየት ያለበት ከልስኑ በፊት ባለችው አጭር ጊዜ ነው። ውሃ ተሞልቶ፣ ከሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ተሰጥቶት መለኪያው ሳይወርድ መቆየቱ ሲታይ አስተማማኝ ይሆናል። አብዛኛው ብልሽት የሚጀምረው መጋጠሚያ ላይ ነውና። የፒፒአር ቧንቧ በ260 ዲግሪ ገደማ በጋለ ማሽን ነው የሚበየደው፤ ከበዛበት ውስጡ ቀልጦ ይጠባል፣ ካነሰበት ከወራት በኋላ ይላቀቃል። ፕላኑ ላይ የመሐንዲሱ ማኅተም አለ፤ ማሽኑን የያዘው ባለሙያ በቴክኒክና ሙያ ሠልጥኖ የብቃት ምዘናውን ይለፍ አይለፍ ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂ የለውም።

አሁን ባለው አሠራር ይህን ክፍተት መሙላት የሚችለው አሠሪው ነው። ቧንቧውን ሳያስፈትን አያስለስን፤ ከመሸፈኑ በፊት ከሜትር ጋር ፎቶ ያስነሣው፤ የተሠራውና የተፈቀደው ከተለያዩ ፕላኑን ያሳርመው። ያለቀ ቤት የሚገዛም ሰው ከካርታው ጋር የሳኒተሪ ፕላኑን ይጠይቅ፤ ሴፕቲክ ታንኩ የት እንዳለና መቼ እንደተመጠጠ ሻጩ ካላወቀ ከቀብድ በፊት ማንሆሉን ማስከፈት ነው።