የመክሊት ምሳሌ ትርጓሜ፤ ጸጋን ተቀብሎ ስለ ማትረፍ

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ ፳፭ ከቍጥር ፲፬ እስከ ፴ ያስተማረው የመክሊት ምሳሌ በዐቢይ ጾም በ፮ኛው ሰንበት ይነበባል፤ ሰንበቱም ስለዚህ ገብር ኄር ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጌታ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ አገልጋዮቹን ጠርቶ እንደ ዐቅማቸው ለአንዱ ፭፣ ለአንዱ ፪፣ ለአንዱ ፩ መክሊት ሰጣቸው። ሁለቱ ነግደው እጥፍ አተረፉ፤ ሦስተኛው ግን መሬት ቈፍሮ ቀበረው።

ጌታ የተባለ ክርስቶስ ነው። መሄዱ ዕርገቱ ነው፤ ተመልሶ መቈጣጠሩ ዳግም ምጽአቱ ነው። መክሊት የተባለ በጥምቀት የተገኘ ጸጋ ነው፤ አንድም ትምህርት፣ አንድም ሹመትና ሀብት ነው።

፩ መክሊት ጥቂት ነውን ቢሉ፤ አይደለም። መክሊት ፷፻ (ስድስት ሺሕ) ዲናር ያህል ነበር፤ ዲናርም የአንድ ሠራተኛ የቀን ዋጋ እንደ ነበረ በዚሁ ወንጌል በምዕራፍ ፳ ይታወቃል። በዓመት ፫፻ ቀን ለሚሠራ ሰው የ፳ ዓመት ደመወዝ መሆኑ ነው። እንግዲህ ጥቂት ተሰጠኝ ብሎ የሚያመካኝ ክርስቲያን የለም።

ሦስተኛው አገልጋይ ስለ ምን ተቀጣ? ሰርቆ ነውን ቢሉ፤ አልሰረቀም። አባክኖ ነውን ቢሉ፤ አላባከነም፤ የተቀበለውን ሳያጐድል መልሷል። ገንዘብን መቅበር በአይሁድ ዘንድ የታመነ ጥበቃ ነበር፤ መምህራኖቻቸውም አደራውን በመሬት የቀበረ ሰው ቢጠፋበት ዕዳ የለበትም ብለው ይፈርዱ ነበር። ስለዚህ አገልጋዩ ጠበቅሁ ብሎ ታምኖ ቀረበ። ጌታው ግን ሰነፍ አለው፤ መክሊቱ የተሰጠው ሊሠራበት እንጂ ሊያስቀምጠው አልነበረምና። ክፉ አላደረግሁም በማለት ብቻ ከፍርድ ማምለጥ እንደማይቻል በዚህ ይታወቃል።

ደግሞም ጌታው ጨካኝ ስለ ሆነ ፈርቶ እንደ ቀበረው ተናገረ፤ ስንፍናውን በጌታው ላይ አላከከ። ለነፍሱ የማይሠራ ሰው ልማዱ ይህ ነው። ካህኑ የሕዝቡን አለመስማት፣ ሕዝቡ የካህኑን አለማስተማር፣ ሹሙ የሥራውን ብዛት ያመካኛል። ምክንያት ግን መክሊት አያተርፍም።

ጸጋ የእግዚአብሔር ከሆነ ማደግ ስለ ምን ከሰው ይፈለጋል ቢሉ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በምዕራፍ ፪ በቍጥር ፲፪ና ፲፫ ሁለቱን አስተባብሮ ጻፈ። መዳናቸውን በፍርሃት እንዲፈጽሙ አዘዘ፤ ፈቃዱንም ሥራውንም በእነርሱ የሚያደርግ እግዚአብሔር እንደ ሆነ አስረዳ። ዝናም ከሰማይ ነው፤ ማረስና ማረም የገበሬው ነው። ያላረሰ ዝናም ስለ ዘነመ አያጭድም፤ ያረሰም ዝናሙን እኔ አመጣሁ አይልም።

ከአባት ከእናት የወረሱት ሃይማኖት አይበቃምን ቢሉ፤ ጢሞቴዎስን መመልከት ነው። ሃይማኖት በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ አድራ ወደ እርሱ ደረሰች፤ ቅዱስ ጳውሎስም እጁን ጫነበት። ሆኖም በ፪ኛው መልእክት በምዕራፍ ፩ ያን ጸጋ እንደ እሳት እንዲያነሣሣው አሳሰበው። እሳት ከጎረቤት ይጫራል፤ እፍ ማለትና ማገዶ መጨመር ግን የባለቤቱ ነው።

በዚሁ በምዕራፍ ፳፭ መጀመሪያ የተነገሩት ፭ቱ ሰነፎች ደናግልም ዘይት ከባልንጀሮቻቸው ለምነው አላገኙም። ስለዚህ ሹም ቤተ ክርስቲያን ቢያሠራ፣ ድኻ ቢያበላ መልካም ነው፤ ነገር ግን ካህን ስለ እርሱ ቢጾም እርሱ ጾመኛ አይሆንም። ካህንም ዜማ ቢያውቅ፣ ቅኔ ቢዘርፍ፣ ቃሉ ወደ ሥራ ካልደረሰ በመጽሐፉ ውስጥ የተቀበረ መክሊት ነው። የንስሐ አባት መንገድ ያሳያል፤ ስለ ልጁ ግን አይሄድለትም።

ትርፉ በምን ይታወቃል ቢሉ፤ አምና ሲሰደብ ይቈጣ የነበረ ዘንድሮ ቢታገሥ፣ ጸሎት ይከብደው የነበረ ቢናፍቀው፣ ፍርድ ያጣመመ ቢያቀና፣ ይህ ትርፍ ነው። ነጋዴ ሲመሽ ሒሳቡን እንዲያይ፣ ክርስቲያንም ማታ ማታ ራሱን ሊመረምር ይገባዋል።

ባለ ፭ቱና ባለ ፪ቱ የተመሰገኑት በአንድ ቃል ነው፤ ጌታቸው የትርፉን ብዛት ሳይሆን ታማኝነታቸውን ተመልክቷልና። እንግዲህ የቀበረ ሰው የመቈጣጠሪያው ቀን ሳይደርስ ቈፍሮ ያውጣ፤ መክሊቱ ገና በእጁ ነውና። ለዚህም የእግዚአብሔር ረድኤት ለሁሉ ይሁን፤ አሜን።